ገጹ ልጥፉን አጠፋ፣ ወሬው ግን ገበያ ውስጥ ቀረ፤ ምን ይደረግ?

የመርካቶ ልጅ

ሰላም የጅማ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የአክስቴ ልጅ እዚሁ ጅማ መርካቶ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም ይሸጣል። ባለፈው ሰሞን ተቆጣጣሪዎች መጥተው ገበያውን ፈተሹ። ከሱ ሱቅ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ካለ መጋዘን ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተገኘና መጋዘኑ ታሸገ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። በማግስቱ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የፌስቡክ ገጽ ዜናውን ለጠፈ። ፎቶው ግን የአክስቴ ልጅ ሱቅ ነው! ታፔላው ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ ስልክ ቁጥሩም አለ። ጽሑፉ ውስጥ ስሙ አልተጠቀሰም። ታፔላህ ከታየ ስም ምን ያደርጋል?

ለገጹ ደወልን። "ፎቶው ለማሳያ ብቻ ነው" አለን። ተጨቃጨቅን። ማታ ላይ ልጥፉን አጠፋው። ማረሚያ የለ፣ ይቅርታ የለ። ስክሪንሾቱ ግን ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ግሩፕ እየዞረ ነው፤ አጋሮ ያሉ ደንበኞቹ ሳይቀሩ አይተውታል። ይባስ ብሎ አንድ የሬዲዮ የጠዋት ፕሮግራም "በማኅበራዊ ሚዲያ እየተዘዋወረ ባለው መረጃ መሠረት" ብሎ አነበበው። ሱቁን አልጠራም፣ መስመሩን ግን ጠራ።

አሁን ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ይጠይቅና "እስቲ ዞሬ ልምጣ" ብሎ ይሄዳል። አይመለስም። ሲያስረዳቸው ደግሞ "ያለ ነገር አይወራም" ይሉታል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሕጉ ምን ይላል? ሁለተኛው ደግሞ ለሁላችንም ነው። እናንተ ዜና ስትሰሙ እውነት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

አወያይ

የገጹንና የሬዲዮ ጣቢያውን ስም የጠቀሱ ሦስት አስተያየቶች ተነስተዋል። ስለ ስም ማጥፋት እየተወያየን ሌላ ስም ማጥፋት አንጀምር። ሐሳቡን ተወያዩበት።

ሂርማታ

ሃሃ አወያይ ጥሩ ብለሃል።

የመርካቶ ልጅ፣ እውነቱን ልንገርህ? አትልፋ። ሕግ ያለው ለትልልቅ ሰው ነው። ባለሥልጣን ስሙ ቢነካ በነጋታው ፖሊስ በር ላይ ነው። በርበሬ ነጋዴ ስሙ ቢጠፋ ደግሞ "ማመልከቻ አስገባ" ይሉታል። ዜና በምን ታምናለህ ላልከው፣ እኔ አላምንም። ቁርጥ ያለ መልስ ነው።

ጥቁር ካባ

ሂርማታ እንደ ልማድህ ቀድመህ ተስፋ አስቆረጥከው። ልጁ ምክር ነው የጠየቀው።

ጠበቃ ነኝ። ፋይሉን ሳላይ ስለማወራ ይህ እንደ አጠቃላይ ሐሳብ ይያዝ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚሮጥበትን በር ልዝጋ። "የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ አለ አይደል፣ በሱ ይታሰር" የሚል አስተያየት በውስጥ መስመር ደርሶኛል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማለታችሁ ነው። ያ አዋጅ ውሸትን ሁሉ አይቀጣም። መረጃው ሐሰት መሆን አለበት፤ ያሰራጨው ሰው ሐሰት መሆኑን ማወቁ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆኑ መታየት አለበት፤ በዚያ ላይ ሁከት፣ ብጥብጥ ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። የበርበሬ ሱቅ ፎቶ ተሳሳተ ብሎ ከተማ አይረበሽም። ስለዚህ በዚህ በኩል አትድከሙ።

ትክክለኛው በር አሮጌ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ። አንቀጽ 2044 በጽሑፍም ሆነ በሌላ መንገድ ሰውን እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት አድርጎ ስሙን ወይም ተዓማኒነቱን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ኃላፊ ነው ይላል። የመጉዳት ሐሳብ ነበረው ወይ የሚለው ግዴታ አይደለም። ስለዚህ "ፎቶው ለማሳያ ነው" የሚለው መልስ አያድነውም።

አሁን መጥፎው ዜና። በዚሁ ሕግ የሞራል ካሳ ጣሪያ አለው። ስንት ብትሉ 1,000 ብር። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለጠበቃ ታክሲም አይበቃም። በኋላ የመጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 590/2000 በሚዲያ ለሚደርስ የሞራል ጉዳት እስከ 100,000 ብር ፈቅዶ ነበር። ጣሪያው ግን ለሞራል ጉዳት ብቻ ነው። በገንዘብ የደረሰበትን ኪሳራ ማሳየት ከቻለ እሱ በልኩ ይጠየቃል። ስለዚህ የሽያጭ መዝገቡ፣ ደረሰኙ፣ ከልጥፉ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ይሰብሰብ። ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሳይረሳ።

ከገንዘቡ በላይ የሚጠቅመው ደግሞ ይኼ ነው። ፍርድ ቤቱ በተከሳሹ ወጪ ማስተባበያ እንዲወጣ ማዘዝ ይችላል። ለነጋዴ ከካሳው ይልቅ እሱ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የመርካቶ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስክሪንሾቱ አለን፣ ግን በስልክ ነው። ልጥፉ ስለጠፋ ሊንኩ አይከፈትም። ይበቃል?

ጥቁር ካባ

ብቻውን "ተቀነባብሮ ነው" ሊባል ይችላል። ቀኑና የገጹ ስም የሚታይበትን ፈልጉ። ከተለያየ ሰው ስልክ የተነሳ ቢሆን ይመረጣል። ልጥፉን በዓይናቸው ያዩ ምስክሮች ያዙ። "ያለ ነገር አይወራም" ያለው ደንበኛ ጥሩ ምስክር ነው፣ አትቀየሙት።

ኪቶ ፉርዲሳ

ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የግቢ ተማሪ ነኝ፤ ትምህርቴ ሕግ አይደለም። አዲሱ የሚዲያ አዋጅ ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶታል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ይህ ሰው በወንጀል ሊጠየቅ አይችልም ማለት ነው?

ጥቁር ካባ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ያስቃል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ብቻ አድርጎታል። ጋዜጠኛ በስም ማጥፋት እስር ቤት አይገባም ማለት ነው። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 አለ። በኮምፒውተር ሥርዓት የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ነገር ያሰራጨ ሰው፣ ተጎጂው አቤቱታ ካቀረበ በወንጀል ይጠየቃል ይላል።

ስለዚህ ክርክሩ እዚህ ይመጣል። ይህ ገጽ ሚዲያ ነው ወይስ ግለሰብ? ተመዝግቦ፣ አዘጋጅ ኖሮት የሚሠራ የበይነ መረብ ሚዲያ ከሆነ አንዱ ሕግ ይጠብቀዋል። በስልኩ ብቻውን የሚለጥፍ ሰው ከሆነ ሌላው ያገኘዋል። ብዙ ተከታይ ያላቸው ገጾች ማስታወቂያ ሲሰበስቡ "ሚዲያ ነን" ይላሉ፤ ኃላፊነት ሲመጣ "የግል ገጽ ነው" ይላሉ።

እኔ ግን በወንጀል እንዲሄድ አልመክርም። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በቡርኪናፋሶው ጋዜጠኛ በሎሄ ኢሳ ኮናቴ ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ተመልከቱ። ሰውዬው ስለ አንድ ዐቃቤ ሕግ ሙስና ጽፎ አንድ ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ፍርድ ቤቱ ለስም ማጥፋት ማሰር ከልክ ያለፈ ነው አለ። ዛሬ የገጹን ባለቤት ለማሳሰር የምንከፍተው በር ነገ ማዘጋጃ ቤቱን የተቸውን ልጅ ያስገባል።

ሂርማታ

እዚህ ላይ ነው እኔና አንተ የምንገናኘው፣ ጋሼ።

ሕጉ ወረቀት ላይ ሁሌም ያማረ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል። ከዚያስ? በ1997 ምርጫ ማግስት ጋዜጦች ተዘጉ፣ አዘጋጆቹ ታሰሩ። በ2001 የፀረ ሽብር አዋጁ መጣ። በ2006 ሚያዝያ የዞን 9 ጦማሪዎችና ጋዜጠኞች በአንድ ሰሞን ታፈሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የታሰረ ጋዜጠኛ የለም ተብሎ በዓለም ተወራልን፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ዓመት የድንበር የለሽ ጋዜጠኞች ሰንጠረዥ ላይ ከ150ኛ ወደ 110ኛ ዘለልን። የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀንም አዲስ አበባ ተከበረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ስንት ሆንን? 145ኛ። ከየት ተነስተን የት ሄድን?

የ1238ቱ አዋጅ አንቀጽ 86 በሚዲያ ሥራው የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ እየተባለ በቀጠሮ አይታሰር ይላል። ስንቱ ጋዜጠኛ ችሎት ቆሞ ይህን አንቀጽ እየጠቀሰ ቀጠሮ ተሰጥቶበታል? አዋጁ ራሱ በ2017 ተሻሽሎ ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ተዛወረ። ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ ዜና ሲሰማ "ማን አስነገረው?" ብሎ ቢጠይቅ ይፈረድበታል?

ኪቶ ፉርዲሳ

ሂርማታ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ሌላኛው ገደል አልታየህም። ሕግ ባይኖርስ?

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩትን መዓረግ አማረን አስታውሱ። በ2014 ጥቅምት በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሷል። እንደ ክሱ ከግድያው በፊት ስማቸው፣ ፎቷቸውና ሰፈራቸው በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር፤ ልጥፎቹ እንዲነሱ ቢጠየቅም በጊዜው አልተነሱም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ከልጥፍ የሚጀምር ነገር የት እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን አለ? ዛሬ የሱቅ ፎቶ ነው። ነገ የቤት ፎቶ ቢሆንስ?

የኛም አዋጅ እኮ ድርጅቶቹ የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ማን ይጠይቃቸዋል? እዚህ ቢሮ እንኳ የላቸውም።

ሂርማታ

እሱማ እውነት ነው። ያንን አልከራከርህም። ግን ልብ በል፤ ያ ቤተሰብ ለፍትሕ ናይሮቢ ድረስ ነው የሄደው።

እናት ከቆቺ

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። ሁሉንም አነበብኩት። የሕጉን ነገር ለጠበቃው እተወዋለሁ። በምን ታምናላችሁ ለሚለው ግን የምለው አለኝ።

በኛ ጊዜ አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮ ይዞ ይቀመጥ ነበር። የጀርመን ድምፅን ነው የሚሰማው። አማርኛው ከ1965 በፈረንጅ ጀምሮ ያለ ነው ይል ነበር። ቀን የአገር ውስጡን ይሰማል፣ ማታ የውጪውን። ሁለቱ አንድ ካሉ "እውነት ነው" ይላል። ከተለያዩ "እንጠብቅ" ይላል። ያቺ "እንጠብቅ" ዛሬ ጠፋች። ልጆቼ ዜናውን አንብበው ሳይጨርሱ ልከውታል። አንዷን "ምን ላክሽ?" ስላት "እኔ እንጃ፣ ሰው ልኮልኝ ነው" ትለኛለች።

የበርበሬውን ወሬ እኔም ደርሶኛል። አልላክሁትም። ግን ሄጄም አልገዛሁም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ ቤቴ ሕፃናት አሉ። የሰው ወሬ ባላምነውም ያስጠነቅቀኛል። ልጄ የመርካቶው፣ የአክስትህን ልጅ ሱቅ በውስጥ ንገረኝና በሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ።

የመርካቶ ልጅ

እማማ ኑሩልኝ። አሁኑኑ እጽፍልዎታለሁ።

ባለ ማይኩ

ሰላም። ሬዲዮ ላይ ነው የምሠራው። የተጠቀሰው ጣቢያ ውስጥ አይደለም፤ ብሆንም አልነግራችሁም። ስለ ሬዲዮው የተባለው አናደደኝ፣ አልገረመኝም።

ውስጡን ልንገራችሁ። የጠዋት ፕሮግራም አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ስልክ ያነሳል፣ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ማስታወቂያ ያነባል፣ በዚያ መሃል "ትኩስ ነገር" ይፈለጋል። ትኩስ ነገር ያለው ፌስቡክ ላይ ነው። "በማኅበራዊ ሚዲያ እየተዘዋወረ ያለው" የምትለው ሐረግ የተፈጠረችው ለዚህ ነው። አልዋሸንም፣ እየተዘዋወረ ነው አልን እንጂ፤ እውነት ነው አላልንም። በዚህች ሐረግ ስንት ወሬ ዜና ሆኖ ወጥቷል መሰላችሁ። እንደኔ ከሆነ ከስቱዲዮ መታገድ አለባት።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ጎን ስሙኝ። በርበሬ ተያዘ ሲባል መደረግ ያለበት ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት መደወል ነው። ስትደውል "ስብሰባ ላይ ናቸው" ነው። ኃላፊው ሲገኙ "ለኮሙኒኬሽን ጠይቅ" ይላሉ። ኮሙኒኬሽኑ "ኃላፊው ሳይፈቅዱ መግለጫ አልሰጥም" ይላል። "ደብዳቤ ይዘህ ና" የሚልም አለ። ለአንድ ሱቅ ስም ደብዳቤ! እስከዚያ ፌስቡኩ ሦስት ጊዜ ዞሯል። የመረጃ ነፃነት ሕጉ በ590/2000 ውስጥ እስካሁን የጸና ነው፤ የመንግሥት አካል የተጠየቀውን መረጃ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፣ ካልሰጠ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ አቤት ይባላል። 30 ቀን ለምርመራ ዘገባ ጥሩ ነው። ለጠዋት ዜና ግን ምን ያደርግልኛል?

ያን ዕለት መሥሪያ ቤቱ "የታሸገው መጋዘን ይኼኛው ነው፣ ሌሎቹ ሱቆች ንጹሕ ናቸው" ብሎ ሁለት መስመር ቢያወጣ ኖሮ ይህ ክር አይከፈትም ነበር። ውሸታሙ ገጽ ጥፋተኛ ነው፤ ክፍተቱን የተወለት ግን ዝም ያለው ቢሮ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ስለሱ ማንም አያወራም፤ ውሎ አበል። አዘጋጁ አካል ጋዜጠኛ ይጠራል፣ ትራንስፖርትና አበል ይከፍላል። በማግስቱ ዜናው "አቅጣጫ ተቀመጠ"፣ "የጋራ መግባባት ላይ ተደረሰ" ነው። በቀን ሁለቴ አቅጣጫ ተቀምጦ የውሃ ቧንቧው ያው እንደደረቀ ነው። አድማጩ ሞኝ አይደለም። የስብሰባ ዜና ሲሰለቸው በርበሬ ተያዘ የሚለውን ፌስቡክ ያምናል፤ ቢያንስ ስለ ሕይወቱ ያወራል።

ጥቁር ካባ

ባለ ማይኩ፣ ጥሩ ጻፍክ። በሬዲዮው በኩል ልጁ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ማድረግ የሚችለውን ልጨምር። የሚዲያ ሕጉ በዘገባ የተነካ ሰው መልስ የመስጠት መብት እንዳለው ያውቃል። ለጣቢያው ዋና አዘጋጅ በጽሑፍ ይቅረብ። እንቢ ካሉ የኢትዮጵያ የመገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት አለ፤ ሚዲያዎቹ እርስ በርሳቸው በሥነ ምግባር የሚጠያየቁበት ነው። እንደ ፍርድ ቤት አያስገድድም፤ ሆኖም ያለ ዳኝነት ክፍያ አቤት የሚባልበት ቦታ ነው።

ደግሞ ያው የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 2049 ለጋዜጣ የሚያምር ነገር አለው። አሳታሚው ለመጉዳት አስቦ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካላደረገውና በተጎጂው ጥያቄ ወዲያው አስተባብሎ ይቅርታ ከጠየቀ፣ በኃላፊነት አይጠየቅም። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሕግ አርም፣ ይቅርታ ጠይቅ፣ ወደ ቤትህ ሂድ ነው የሚለው። ገጹ ግን ምን አደረገ? አጠፋና ተደበቀ። ልጥፉን ማጥፋት ማስተባበያ አይደለም። ጨለማ ውስጥ የተደረገ ነገር ነው፤ ትናንት ያየው ሰው ዛሬ መሰረዙን በምን ያውቃል?

የጎማ ቡና

ከጎማ ነኝ፣ ቡና እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። አንዳንዴ ነው የምጽፈው።

ዜና በምን ታምናላችሁ ለሚለው ልመልስ። እኛ ቡና ነጋዴዎች የዋጋ ዜና እናምናለን። ለምን? በማግስቱ ስለምናረጋግጠው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ከመከፈቱ በፊት ገበሬው ዋጋ የሚሰማው ከሰብሳቢው አፍ ነበር። ሰብሳቢው ደግሞ "አዲስ አበባ ወድቋል" ይልሃል፤ ማን ይጠይቀዋል? በኋላ ዋጋው በሬዲዮም በስልክም በየቀኑ መነገር ጀመረ። የአገሬ ገበሬ ሬዲዮ ሰምቶ ይመጣል፣ "ትናንት ይህን ያህል ነበር፣ ለምን ቀነስክ?" ይለኛል። ተናድጃለሁ አልላችሁም፣ ግን ትርፌ ቀንሷል ሃሃ።

ገበሬው ሬዲዮውን ስለወደደው አይደለም ያመነው። ከዋሸ በነጋታው ገበያ ላይ ይጋለጣል። የፖለቲካውን ዜና ግን ያው ገበሬ አያምንም፤ ማረጋገጫ የለውማ። ወለጋ ምን ሆነ፣ አዲስ አበባ ምን ተባለ ቢሉት ማንን ሄዶ ይጠይቃል? ስለዚህ እኔ ጋዜጠኛ ብሆን ሰው ሊያረጋግጠው በሚችለው ነገር እጀምር ነበር። የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የትኛው ሱቅ ታሸገ፣ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የትኛውን ማሽን ጠገነ። በትንሹ ካልዋሸኝ በትልቁ እሰማዋለሁ።

ባለ ማይኩ

የጎማ ቡና፣ እኛ ቤት መጥተህ ኤዲተር ሁን።

ሂርማታ

ጥሩ አሳብ ነው፤ ግን ጋዜጠኛው የታሸገውን ሱቅ በስም ቢጠራ ባለቤቱ ይከሳል። ካልጠራ ደግሞ እንደ ልጁ ሱቅ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠረጠራል። ምን ይሻለዋል?

ጥቁር ካባ

እውነት ከሆነ ይጥራው። እውነት መከላከያ ነው፤ ሆን ብሎ ለመጉዳት ብቻ እስካልተናገረው ድረስ። የታሸገ መጋዘን የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው። የሚያስፈልገው የማሸጊያውን ደብዳቤ ማየት፣ ባለቤቱን መጠየቅና መልሱን አብሮ ማውጣት ነው። "ለጥንቃቄ" ብለው ስም ሳይጠሩ ሰፈር የሚጠሩት ጋዜጠኞች ሕግ የፈሩ ይመስላቸዋል። አንዱን ጥፋተኛ ይሸፍናሉ፣ ሃያ ንጹሕ ሰው ያስጠረጥራሉ።

እናት ከቆቺ

ይኼ ልክ ነው! ስም ቢጠሩልን እኔም ከሌላው ሱቅ እገዛ ነበር።

የመርካቶ ልጅ

ወገኖች፣ አዲስ ነገር አለ።

የገጹን ባለቤት አገኘነው። የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ ለካ አጎቱን እናውቃቸዋለን። ነገሩ ወደ ጃርሱማ (ሽምግልና) ሄደ። ትልልቅ ሰዎች ተቀመጡ፣ ቡና ተፈላ፣ ልጁ አቀርቅሮ ይቅርታ ጠየቀ። ፎቶውን ከየት አመጣኸው ሲሉት ከጎግል ማፕ ነው የወሰድኩት አለ። "መርካቶ በርበሬ" ብሎ ፈልጎ መጀመሪያ የመጣለትን! ሽማግሌዎቹ ጎግል ማፕ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ራሱ ጊዜ ፈጀብን።

ሽማግሌዎቹ "ይቅር በለው፣ የአገር ልጅ ነው" አሉ። የአክስቴ ልጅም ይቅር አለ። እጅ ተነሳ። እኔ ግን እዚያ ቁጭ ብዬ ሆዴን የበላኝ ነገር አለ። ይቅርታውን የሰማነው አሥር የማንሞላ ሰዎች ነን። ልጥፉን ያየው ግን ስንት ሺህ ነው? "ገጽህ ላይ ማረሚያ ጻፍ" ስለው "ከጻፍኩ ገጹ ተከታይ ያጣል፣ ሰው እምነት ያጣብኛል" አለኝ። ሽማግሌዎቹም "በቃ ታርቋል፣ ነገር አትቆስቁስ" አሉኝ። አሁን ብከስ ሽማግሌ የረገጠ ልባል ነው።

ሂርማታ

"እምነት ያጣብኛል" ብሎ ማረሚያ እንቢ! እንግዲህ ይህን ምን ብዬ ልጻፍበት።

ኪቶ ፉርዲሳ

ልጁ ተሳስቷል። እኔ የምከተላቸው ገጾች ውስጥ ስህተታቸውን የሚያርሙት ጥቂት ናቸው፤ የማምናቸው እነሱን ነው። የማያርመው አይሳሳትም ማለት አይደለም፣ አይነግረኝም ማለት ነው።

ጥቁር ካባ

የመርካቶ ልጅ፣ ተረጋጋ። እርቅና ማረሚያ አይጣሉም። ሽምግልናው ጸቡን ነው የጨረሰው፤ የሱቁ ስም የት ላይ እንደጠፋ ሽማግሌዎቹ አያውቁትም፣ ፌስቡክ ላይ የሉም። ተመልሰህ ሂድና በክስ ቋንቋ አታውራ። "ይቅርታው ስሙ በጠፋበት ቦታ ይነገር" በላቸው። በአደባባይ የተሰደበ በአደባባይ መካሱን እነሱ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጽሑፉን እኔ አዘጋጅልሃለሁ፤ አጭር ነው። የትኛው ቀን የወጣ ልጥፍ፣ ፎቶው የማን እንደነበር፣ ሱቁ እንዳልታሸገ፣ ይቅርታ። ገጹ አናት ላይ ተሰክቶ ቢያንስ ወሬው የዞረበትን ያህል ጊዜ ይቆይ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይውጣ፤ ወሬው በሁለቱም ነው የዞረው።

ባለ ማይኩ

በሬዲዮው በኩል ደግሞ እኔ የማውቀው ሰው አለ። ደብዳቤውን አዘጋጁልኝና በእጄ አደርሳለሁ። ማረሚያው የሚነበበው በዚያው የጠዋት ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት እንዲሆን ጻፉበት። ካልጻፋችሁት ሌሊት ያነቡትና "አንብበናል" ይሏችኋል።

የጎማ ቡና

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አይረሳ። ሱቁ ንጹሕ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይስጡት፣ ማኅተም ያለው። ነጋዴ ነኝ፣ ታፔላ ሥር የተለጠፈ ማኅተም ከማንም ዜና በላይ ይሸጣል።

የመርካቶ ልጅ

ወረቀቱን ትናንት ጠየቅን። "ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ" አሉን።

ባለ ማይኩ

ሃሃሃሃ። አላልኳችሁም?

ጥቁር ካባ

ደብዳቤውንም እጽፍልሃለሁ። የመረጃ ጥያቄ መሆኑን አንቀጹን ጠቅሰን እናስገባ፣ ቀኑ መቆጠር ይጀምር። ሰኞ ጠዋት ንግድ ፈቃዱን፣ ስክሪንሾቶቹንና የሽያጭ መዝገቡን ይዞ ይምጣ። የሱቁን አድራሻ እዚህ አትጻፍ፣ በውስጥ ላክልኝ።

እናት ከቆቺ

ለእኔ ግን ላክልኝ፣ ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ እፈልጋለሁ። ኮረሪማም ካለው ጨምርበት።